ማየት የተሳናት እህቴ መሮጥ ትፈልጋለች፤ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ 17 ዓመቷ ነው። አንዱ ዓይኗ ጨርሶ አያይም፣ በሌላው ብርሃንና ጥላ ብቻ ትለያለች። በ2016 መጨረሻ ማየት የተሳናት ሯጫችን ያየሽ ጌቴ በፓሪስ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ) በ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ማግኘቷን በሬዲዮ ከሰማች ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጄን ይዛ ታስሮጠኛለች። ከ2 ኪሎ ሜትር በኋላ እኔ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እሷ «ፍጠን እንጂ!» ትለኛለች። ምድቧ የትኛው ነው? የት ነው የምንመዘገበው? አጠገቧ እየሮጠ የሚመራት መሪ ሯጭስ ከየት ይገኛል?

የሰበታ ልጅ፦ መጀመሪያ የዓይን ስፔሻሊስት ጋ ውሰዳት። ለዓለም አቀፍ ውድድር ምርመራው ተጽፎ መቅረብ አለበት፤ ከ12 ወር በላይ የቆየ ወረቀትም አይሠራም። ምድቡን የሚወስኑት መርማሪዎቹ ናቸው፣ እኛ ከዚህ ሆነን መገመት አንችልም። ማየት የተሳናቸው ሯጮች ምድብ ሦስት ነው፦ ቲ11፣ ቲ12 እና ቲ13፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የማየት አቅሙም ይጨምራል። ቲ11 ላይ ሁሉም ዓይኑን ሸፍኖ ከመሪ ጋር ይሮጣል፤ ስለዚህ «ትንሽ ብርሃን ታያለች» ብለህ አትጨነቅ። ቲ12 ላይ መሪ መያዝ በምርጫ ነው። ቲ13 ላይ፣ እንደ ሌላዋ ሯጫችን ትዕግስት ገዛኸኝ፣ የሚሮጠው ብቻን ነው።

መሪ ሯጭ ነበርኩ፦ እጅ ለእጅ መያያዙን ተዉት፣ የክንዷን ምት ያበላሻል። አጭር ገመድ ሥሩና ሁለታችሁም ጫፍ ጫፉን ያዙ። የአንተና የእሷ ክንድ አብሮ መወዛወዝ አለበት፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀስ ብሎ በሶምሶማ። መጎተት ክልክል ነው። መጨረሻው መስመር ላይም እሷ ትቅደም፤ መሪው ቀድሞ ከገባ ውጤቱ ይሰረዛል። ገመዱን መልቀቅም ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ፓሪስ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶን 3ኛ ሆና ልትገባ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት መሪዋ ሊወድቅ ሲል ልትደግፈው ገመዱን ለቀቀች፤ ከውድድሩ ተሰረዘች። እኔ ዳኛ ብሆን አልሰርዛትም ነበር፣ ግን ሕጉ ሕግ ነው።
መሪው ከእሷ የፈጠነ መሆን አለበት። አንተ ከደከመህ ከአካባቢህ የአትሌቲክስ ክለብ ወጣት ወንድ ሯጭ ጠይቅ። የያየሽም መሪ ክንዱ ሲሳይ ወንድ ነው።

ተጠራጣሪው፦ አይዟችሁ ለማለት ብቻ ነገሩን አታሳምሩት። በፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጡልንን እዩ፦ ወንድዬ ፍቅሬ ለንደን ላይ ብር፣ ታምሩ ደምሴ ሪዮ ላይ ብር፣ ትዕግስት ቶኪዮና ፓሪስ ላይ ወርቅ፣ ፓሪስ ላይ ደግሞ ያየሽ ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ብር። ሁሉም በ1500 ሜትር ሩጫ፣ በዊልቸር አንድም የለም! ለመሮጥ ጫማ ይበቃል፤ የመወዳደሪያ ዊልቸር ግን ዋጋው አይቀመስም። የጎረቤቴ ልጅ እግሩ ቢቆረጥም ክንዱ እንደ ብረት ጠንካራ ነው፣ ዕቃ የሚያበድረው አጥቶ ተቀምጧል። ለእህትህ ግን 1500 ጥሩ ምርጫ ነው፣ እሱን አልክድም።

የሰበታ ልጅ፦ @ተጠራጣሪው ስለ ዊልቸሩ እውነትህን ነው። ጠያቂ፣ ምዝገባውን ከወረዳችሁ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጀምረህ ወደ ክልሉ ቢሮ ሂድ። ለዓለም አቀፍ ውድድር ግን አትሌት የሚያስመዘግበው የኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ነው።

ሌላ አባል፦ መስማት የተሳነው ወንድም ያለው ካለ መንገዱ ሌላ ነው፤ የእነሱ ውድድር ዴፍሊምፒክ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ስመላለስ ነበር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከጫማ ክር ገመድ ሠርተን ሞከርነው፣ እውነትም ክንዷ ተፈታ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው። ክለብ ያለው የጎረቤታችን ልጅም እሺ ብሏል፤ እሷ ግን «ከእኔ ይፈጥናል ወይ?» እያለች ነው።