ፎቶው ላይ ያለው አውሮፕላን የየትኛው የሥልጠና ክፍል ነው?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ነበሩ። ከሳጥናቸው አንድ ፎቶ ወጥቶ ቤቱን እያጨቃጨቀ ነው። አጎቴ «ተዋጊ አብራሪ ነበር» ይላል፣ እናቴ ደግሞ «ገና ተማሪ እያለ ነው» ትላለች። አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለር ነው፤ ክንፉ ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ ጎን ለጎን፣ ከአፍንጫው ሥር ጎማ አለው። ጀርባው ላይ 1950 ዓ.ም. ተጽፏል። የሥልጠና ክፍሎቹ እንዴት ነበር የተደራጁት?

ጡረተኛው ቴክኒሽያን (ደሴ፣ ሆጤ)፦
አብሽር ልጄ፣ ያየኸው ሳፊር ነው፤ የስዊድኑ ሳብ ሠራሽ ማሠልጠኛ። የአጎትህ ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ወደቀ፣ በሳፊር ማንም አይዋጋም።

እኔ የደረስኩት በደርግ ጊዜ፣ የቼኮዝሎቫኪያው ጄት ማሠልጠኛ ኤል-39 ላይ ነው፣ ግን የድሮዎቹ ሲያወሩ የሚጠያየቁት «በስንት ዓመተ ምሕረት ገባህ?» ሳይሆን «በምን ተማርክ?» ብለው ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ አውሮፕላን፣ የራሱ አስተማሪዎች፣ የራሱ መካኒኮች አሉት። ጀማሪው በሳፊር ይነሳል፤ በኋላ የአሜሪካ እርዳታ ሲመጣ ከባዱ ቲ-28፣ ከዚያ ጄቱ ቲ-33 ተጨመሩ። ተዋጊዎቹን ኤፍ-86ም ሆነ ኤፍ-5 የሚነካው ይህን ሁሉ ያለፈ ነው። በ1969 እና 70 ከአሜሪካ ጋር ስንለያይ የሥልጠናው መሰላል በሙሉ ተቀየረ፤ ብዙ ልጆች ሶቪየት ኅብረት ተልከው ተማሩ፣ ለእኛም ኤል-39 መጣ።

ይህን ሥርዓት የመሠረቱት ስዊድኖች ናቸው። ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1938 ዓ.ም. መጥቶ ሥልጠናውን ያዘ። በዓመቱ በዚያችው ትንሽ ሳፊር ትርፍ ነዳጅ ጭኖ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ሳያርፍ ገባ፤ 31 ሰዓት ገደማ! በእኔ ግምት ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አግኝቶ አያውቅም።

ሰኞ ገበያ፦
ጋሼ፣ ከጣሊያን በፊትስ? ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ስትደበደብ አየር ኃይል አልነበረንም እንዴ?

ጡረተኛው ቴክኒሽያን፦
ነበረን፣ ግን ለስሙ ነው። ጥቂት አውሮፕላኖች፣ አብዛኞቹ መልእክትና ሰው ማመላለሻ። ያኔ ጃንሆይ ራሳቸው ደሴ ነበሩ፣ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኩሰዋል። ትምህርቱ የተጀመረው ጃን ሜዳ ላይ በፈረንሳዮች እጅ ነው፤ ተማሪዎቹ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በ1922 እና 23 አካባቢ ብቻቸውን በረሩ። ደረጃ የሚባል ነገር አልነበረም፣ የሚማሩበትም የሚሠሩበትም ያው ፖቴዝ የሚባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን ነው።

የቦርከና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አጎቴ ግን ኤስኤፍ-260 ነው ብሎ ድርቅ አለ። እሱም ጎን ለጎን ነው አሉ።

ጡረተኛው ቴክኒሽያን፦
ነው፣ ግን የጣሊያኑ ክንፉ ጫፍ ላይ የነዳጅ ታንክ አለው፣ እኛ ጋም የመጣው በደርግ ነው። 1950 ላይ ከየት ይመጣል? አሁን ልብሳቸውን እየው። የፓራሹት ማሰሪያ ከታጠቁ እናትህ ልክ ናት።

የቦርከና ልጅ፦
ፓራሹት የለም ጋሼ። ቱታ ነው፣ እጃቸው ላይ መፍቻ አለ።

ጡረተኛው ቴክኒሽያን፦
ሃሃ! እንግዲያ የእኔ ሰው ናቸው። የቴክኒሽያኖቹም ትምህርት ቤት እዚያው ደብረ ዘይት ነበር፤ የሞተር፣ የአውሮፕላን አካል፣ የራዲዮ፣ የትጥቅ እየተባለ ይከፈላል። ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ ከያዙት ዕቃ ሙያቸውን እናውቅ ይሆናል። ለአጎትህ ግን አንተው ንገረው፣ እኔ የለሁበትም።