ዘይት ቀይሬ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረች፣ መንገዱ ደግሞ ሩቅ ነው

ሰላም። አሮጌ የቤንዚን መኪና አለችኝ፣ 4 ሲሊንደር፣ ቅዳሜ 900 ኪሎ ሜትር ልነዳት ነው። ባለፈው እሁድ ዘይቷን ራሴ ቀየርኩ፣ 4 ሊትር፣ ከአዲስ ፊልትሮ ጋር። 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳኋት በኋላ ግን ያቆምኩበት ቦታ ላይ ጠብታ አየሁ። መለኪያውን ሳወጣው ዘይቱም ከላይኛው ምልክት ትንሽ ወርዷል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፊልትሮውን ነው። የድሮው ፊልትሮ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበቱ) ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ገብቶ ይሆናል ብዬ ፈትቼ አየሁት፤ አንድ ብቻ ነው፣ ዙሪያውም ደረቅ። የሚያንጠባጥበው ከታች፣ ከዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ነው። ቡሎኑ ሥር የምትገባውን የመዳብ ዋሸር አልቀየርኳትም ነበር (ስስት ነው እንግዲህ)። ቡሎኑን ትንሽ ሳጠብቀው ቀነሰ እንጂ አልቆመም፣ ከዚህ በላይ እንዳላጠብቀው ደግሞ የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጥርስ እንዳይበላብኝ ፈራሁ።

ለመንገዱ ቺንጋ፣ ፊውዝ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ ትርፍ ጎማና 1 ሊትር ዘይት ይዣለሁ። አዲስ ዋሸርም ገዝቻለሁ። እሱን ለመቀየር ግን ዘይቱን ማፍሰስ ግድ ነው። 200 ኪሎ ሜትር ብቻ የሠራውን ዘይት በንጹህ ዕቃ ተቀብዬ፣ አጥልዬ መልሼ ብሞላው ሞተሩን ይጎዳዋል ወይ?