የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ከሰው ጋር አንድ ግቢ ይኑር?

ጠያቂዋ (ገርጂ)፦
የምንኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። ውሻችን ቡቼ የሚጥል በሽታ አለበት። ሲጥለው ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሽንቱም ያመልጠዋል። ከዚያ ይነሳና ትንሽ ተደናብሮ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሐኪም አይቶታል፣ መድኃኒትም ጀምሯል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ይከተባል። ባለፈው ግን ልጆች እየተጫወቱ ሳለ ጣለው። ጎረቤቶች «አብዷል!» ብለው ድንጋይ አነሱ። አሁን ከግቢ ይውጣ እያሉ ነው። አከራያችን «እርስ በርስ ተስማሙ» ብለውናል። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ይውጣ የምትሉ ግን ወዴት እንደሚሄድም ንገሩኝ። መንገድ ላይ አልጥለውም።

የልጆች እናት (አያት ሰፈር)፦
እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። ልጅ ያለው ሰው አረፋ የሚደፍቅ ውሻ ሲያይ የክትባት ካርድ አሳዩኝ አይልም። ልጁን አፈፍ አድርጎ ይሮጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ነገር ላይ ማን ይደፍራል? ጣዪው አላልኩሽም። ልጅ የሌለበት፣ ሰፊ ግቢ ያለው ዘመድ ፈልጊለት።

የእንስሳት ሐኪም፦
እመቤቴ፣ መፍራትዎ ልክ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ግን ይለያያሉ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ቀን በቀን እየባሰበት ይሄዳል፤ ምልክቱ ከታየ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ግን ከወደቀበት ተነስቶ ይበላል፣ ጌታውን ያውቃል፣ እንደወትሮው ይጮኻል። በዘር የሚመጣው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። የጀርመን ሸፐርድ በብዛት ከሚታይባቸው ዝርያዎች አንዱ ነው።

ሲጥለው አትያዙት። አፉ ውስጥ እጅም ማንኪያም አታስገቡ፤ ውሻ ምላሱን አይውጥም። ክብሪት አታሽትቱት፤ እሱ ለሰውም አይጠቅምም። ልጆችን አርቁ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ በላዩ ላይ ከደገመው ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ። የጀመረው መድኃኒት ፌኖባርቢታል (የሚጥል በሽታን የሚቆጣጠር መድኃኒት) ከሆነ የሚወስደው በየ12 ሰዓቱ ነው። «ተሽሎታል» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ከበፊቱ የባሰ ይጥለዋል። ከመድኃኒቱ የተነሳ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ይርበዋል፤ አትደንግጡ። ጉበቱን ስለሚነካ ግን የደም ምርመራው አይዘለል።

ደግሞም ማንንም ቢነክስ፣ የተከተበ ቢሆን እንኳ፣ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። የተነከሰው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወንድሙ የታመመበት (ደሴ)፦
ፌኖባርቢታል እኮ የእኔ ወንድም የሚውጠው መድኃኒት ነው! የጠፋ ጊዜ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስንዞር እንውላለን። እሱን ለውሻ ስትሰጪ ምንም አይሰማሽም? እኔን አንገበገበኝ። ውሻ አልጠላም። ሰው ግን ይቀድማል።

ጠያቂዋ (ገርጂ)፦
ወንድሜ፣ ከሁሉም የከበደኝ ያንተ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱን በሐኪም ማዘዣ በገንዘቤ ነው የምገዛው። ግን ይህ መልስ እንደማይሆንህ ይገባኛል። መደርደሪያው ላይ አንድ ብቻ ቀርቶ ወንድምህ ቢመጣ ለእሱ ይሰጥ እላለሁ። ሐኪሙ ለውሻ የሚሆን ሌላ መድኃኒት እንዳለ እንዲነግረኝም እጠይቃለሁ። አንተም አንድ ነገር ንገረኝ። ወንድምህ መንገድ ላይ ሲወድቅ ሰው ይጠጋዋል?

ወንድሙ የታመመበት (ደሴ)፦
አይጠጋውም። አረፋው ይተላለፋል ብለው ይሸሹታል። አንዴ አስፋልት ዳር ጭንቅላቱ ደም በደም ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ድንጋይ ያነሱትን አልደግፍም። በመድኃኒቱ ግን አቋሜን አልቀይርም።

አባት (ጎንደር)፦
መጽሐፉ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል፤ ምሳሌ 12፥10። ልጄ፣ መራራትሽ መልካም ነው። ሕጉንም እወቂ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ አምልጦ ቢሆን እንኳ። «አመመው» ማለት አያድንሽም።

ከፍራንክፈርት፦
እዚህ ጀርመን ሕጉ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን ማሠቃየትም መግደልም ይከለክላል። ሊታከም የሚችልን ውሻ ባለቤቱ ስለሰለቸው ብቻ ሐኪም በመርፌ አያስተኛውም። ግን ወጪው ከባድ ነው፣ ብዙ ሰው ይቸገራል። አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ ጨርሶ እምቢ ካለውና በላይ በላዩ ከጣለው፣ ማስገላገል ጭካኔ አይደለም። ያኔ ለራስሽ ብለሽ አታቆዪው።

ጠያቂዋ (ገርጂ)፦
አባቴ፣ ሕጉን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። የፍራንክፈርቱንም ሰምቻለሁ፤ እስካሁን ግን መድኃኒቱ እየያዘለት ነው። ለጎረቤቶቼ ይህን አቀርባለሁ፦ ከጓሮ በሽቦ አጥር እከልለዋለሁ፣ ወጪው የእኔ ነው። የክትባት ካርዱን ኮፒ ለየቤቱ እሰጣለሁ። ሲጥለው ምን እንደሚደረግ ልጆቹን ራሴ አስተምራቸዋለሁ።

የልጆች እናት (አያት ሰፈር)፦
ጎረቤትሽ ብሆን አጥሩ ሳይሠራ አልስማማም። ከተሠራም በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት ከተመለሱ ጀምሮ እስኪተኙ ውሻው አይፈታ። አንቺ ሥራ ስትውዪስ ቢጥለው ማን ያየዋል?

ጠያቂዋ (ገርጂ)፦
እናቴ ቤት ትውላለች። እሷ ስትወጣ የሚያየው ሰው ግን ገና አላገኘሁም። የመድኃኒት ሰዓቱ ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ስለሆነ እሱን እኔ አደርሳለሁ። ገርጂ አካባቢ ውሻ የለመደ፣ ቀን ቀን ብቅ እያለ የሚያይልኝ ሰው የምታውቁ ጻፉልኝ፤ እከፍላለሁ።