ዘጠኝ ደብተር ሞልቻለሁ፤ መጽሐፍ ይሆን ይሆን? የአመራር መጽሐፍም ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ መምህርቷ (ሐይቅ)

እንዴት ሰነበታችሁ? ሐይቅ አካባቢ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 12 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። አምና ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንኩ። ጉዱ የጀመረው ያኔ ነው። 60 ልጅ በአንድ እይታ ጸጥ አደርጋለሁ። 20 መምህር ስብሰባ ላይ ሲያጉረመርም ግን አፌ ይተሳሰራል።

ደሴ ወርጄ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አራት የአመራር መጽሐፍ ገዛሁ። ሦስቱ ትርጉም ናቸው። ስለ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅና ስለ ጦር አዛዥ ያወራሉ። እኔ ዘንድ ያለው ጠመኔ ያለቀበት ትምህርት ቤት ነው። ሳነብ ደስ ይለኛል፤ በሳምንቱ ግን አንድም ነገር ትዝ አይለኝም።

ማታ ማታ ደግሞ እጽፋለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወላጆች፣ ስለ ስብሰባው ጭቅጭቅ። ዘጠኝ ደብተር ሞልቷል። ባለቤቴ «ወይ አሳትሚው፣ ወይ ለቆሎ መጠቅለያ ስጪው» ይለኛል። ምን ላንብብ? ያነበብኩትስ እንዴት ይያዝልኝ? ደብተሩስ ምን ይሁን?

መልስ፦ የኮምቦልቻው

አብሽሪ እህቴ። የስቴፈን ኮቬይን «ሰባቱ ልማዶች» የሚባለውን መጽሐፍ ፈልጊ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከአሮጌ ሻጭም አይጠፋም። ለጊዜው ስለ ሁለቱ ክቦች የሚያወራውን ብቻ አንብቢ። አንዱ ክብ የሚያሳስብሽን ሁሉ ይይዛል። ሌላው፣ ትንሹ፣ በእጅሽ ያለውን ብቻ።

እኔ ርዕሰ መምህር ሳለሁ ሁለቱን ወረቀት ላይ ሳልኳቸው። በትልቁ የወረዳው በጀት፣ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት፣ የደመወዝ ነገር ገቡ። በትንሹ ደወሉ በሰዓቱ መደወሉ፣ ስብሰባው ከ40 ደቂቃ አለማለፉ፣ ያረፈደን መምህር ሰው ፊት አለመቆጣቴ። ለካ ስብሰባዬ ሁሉ ያለቀው በትልቁ ክብ ላይ ነበር! ሰው ቢያጉረመርም ይፈረድበታል?

መልስ፦ ስም አይጠቅምም

እኔ እንጃ። ያነበበ አለቃም አይቻለሁ፣ ያላነበበም። ያነበበው የሚለየው ስብሰባ ላይ ጥቅስ በማብዛቱ ነው። መምህር የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው (ወልድያ)

ልጄ፣ ከላይ ያለው ወንድማችን አልተሳሳተም። ጥቅስ የሚያበዛ አለቃ እኔም ጠግቤአለሁ። ችግሩ ግን ማንበቡ አይደለም፤ ያነበበውን ሳያመነዥግ መትፋቱ ነው።

ልጅ ሳለሁ ትንሽ የቄስ ትምህርት ቀምሻለሁ። ትርጓሜ ቤት ሲያስተምሩ አንድ ንባብ ይወስዱና «አንድም» እያሉ ፍቺውን ይደራርቡበታል። የአመራር መጽሐፍ የማነበው በዚያ መንገድ ነው። ደብተርሽን ግለጪ። በግራው ገጽ የመጽሐፉን ሐሳብ በራስሽ ቋንቋ በሦስት መስመር ጻፊ። ከሦስት አይለፍ፤ ካለፈ ገልባጭ ሆንሽ ማለት ነው። በቀኙ ገጽ «አንድም» ብለሽ ጀምሪና ያንን ሐሳብ የሚያስታውስሽን የትምህርት ቤትሽን ነገር ጻፊ። ለምሳሌ በግራው «መሪ መጀመሪያ ይሰማል» ይላል። በቀኙ «አንድም፦ ማክሰኞ የሒሳብ መምህሩ ሊያዋየኝ መጥቶ ሳለ ስልክ አነሳሁ። ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም»። ይኼ አይረሳሽም።

ከአገራችን መጽሐፍ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አንብቢ። እሱ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። አማርኛው በመጀመሪያ ይከብዳል፤ ታገሺው። ስለ አለቃ ጠባይ አይሰብክም፤ አገር በዕውቀትና በሥራ እንዴት እንደሚቆም ያሰላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ደብተሮቹን ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በ2014ቱ ጦርነት ቤቴን ዘግቼ ስወጣ የ30 ዓመት ደብተር መደርደሪያ ላይ ቀረ። ስመለስ መደርደሪያው አለ፣ ደብተሩ የለም። ወሎ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ አጤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሰበሰቡትን ብራና እንግሊዞች በ1860 ከሌላው ዝርፊያ ጋር በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ሄደዋል። የእኔን ግን ማን እንደወሰደው እንኳ አላውቅም። ምናልባት እሳት አንድደውበት ይሆናል።

መልስ፦ የደረሳው ልጅ (ቦረና)

አባቴ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ነበር። ደረሳ ኪታቡን ለብቻው ይዞ አይቀመጥም፤ ከጓደኛው ጋር ሙጣለዓ ያደርጋል፤ አብረው እያነበቡ ይወያያሉ ማለት ነው። አንቺም ሁለት መምህር ፈልጊ። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ቡና አፍሉ። በአቦሉ አንዱ አምስት ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ በቶናው ተከራከሩ። በረካው ላይ ሐሜት ከተጀመረ አይፈረድባችሁም። ከሚያጉረመርሙት አንዱን ብትጋብዢ ደግሞ የበለጠ።

መልስ፦ አሳትሞ የተቃጠለው (ደሴ)

ወደ ደብተሩ ልምጣ። እኔ 1,000 ቅጂ አሳትሜ ከ600 በላዩ አልጋዬ ሥር ነው። እንግዳ ሲመጣ ፍራሹን ከፍ አድርጌ አንድ አንድ እሰጣለሁ።

ዘጠኙንም እንዳታሳትሚ። ደጋግመሽ የምታወሪያቸውን 20 ታሪኮች ምረጪ። ስልክሽ ላይ ራስሽ ተይቢያቸው፤ ስትተይቢ ደካማው ዓረፍተ ነገር ራሱ ይጋለጣል። ሁለቱን በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አስነብቢ። ልጆቹ ካዛጉ አሳጥሪ። ከዚያ 100 ወይም 200 ቅጂ፣ ገዢውን አስቀድመሽ መዝግበሽ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር የምንለው) ነው የምታወጪው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ከትርጉሞቹ ምዕራፍ ወስደሽ እንዳታስገቢ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ለመተርጎምም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የልጆቹ ጉዳይ ነው። ስም መቀየር አይበቃም። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። «አባቱ በጀልባ ዓሣ የሚያጠምደው መንታ» ካልሽ ስሙን ጠራሽው። ሥራውንም፣ ሰፈሩንም፣ ክፍሉንም ቀይሪ። የስብሰባው ጭቅጭቅ ደግሞ ለጊዜው ደብተሩ ውስጥ ይቆይ፤ ነገ እነዚያው ሰዎች ፊት ትቆሚያለሽ።

መምህርቷ (ሐይቅ)

እናመሰግናለን፣ ኑሩልኝ። ፎቶውን ትናንት ማታ ጀመርኩ፣ አራት ደብተር አልቋል። ሁለቱን ክቦችም ሳልኩ፤ ደወሉ እኔም ዘንድ ትንሹ ክብ ውስጥ ነው የገባው። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ፦ በግራው ጽፌ በቀኙ የምጽፈው ካጣሁስ?

ጡረተኛው (ወልድያ)

ባዶውን ይደር። አንዱን ገጽ እኔ የሞላሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ደግሞ ልጄ፣ በእርሳስ ጻፊ።