የምግብ ቧንቧ ደም ሥር ላበጠበት ሰው ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ይሆነዋል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጉበቴ ምክንያት የምግብ ቧንቧዬ ደም ሥሮች አብጠው በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) በላስቲክ ታስረውልኛል፤ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። ድሮ ጂም ብረት አነሣ ነበር። ሐኪሙ «ቀለል ያለ እንቅስቃሴ አድርግ» ብሎ አሰናበተኝ። እስከ ምን ድረስ ነው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካንስ?

የጣና ልጅ፦ እግዜር ይማርህ ወንድሜ። የእኔን ጉበት የጎዳው ቢልሃርዝያ ነው። ጠዋት ጠዋት ሜዳ ሜዳውን እራመዳለሁ። ከሰው ጋር እያወራሁ መሄድ ካቃተኝ ቀስ እላለሁ። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምት ስለሚቀንስ ድካምህን በልብ ምት ቆጠራ አትለካ። ጀሪካኑን ግን ተወው! ትንፋሽ ይዞ ማማጥ የሆድ ግፊትን ይጨምራል፣ ጫናው ያበጠው ደም ሥር ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ውኃ በትንንሽ ዕቃ እያመላለስኩ ነው የምቀዳው፤ ጎረቤት ይስቃል፣ ይሳቅ። ሽንት ቤት ማማጥም ያው ነው፣ ድርቀት ካለህ ለሐኪምህ ንገረው።

ነርሷ፦ ሰውነትህን ቢያምህ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ገዝተህ እንዳትውጥ፣ ያደማሉ። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰህ ሳትውል ሳታድር ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። የዐቢይ ጾም ስግደትስ?

የጣና ልጅ፦ እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቆሜ ነው የምጸልየው። አንተ መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ።