"አቁም" የሚለው ማነው? ክፍለ ከተማ ወይስ ከንቲባ?

ሰላም ባሕር ዳሮች፣ ግራ ገብቶኛልና የምታውቁ እርዱኝ።

ቤታችን ጣና ዳር ነው። ወደ ሐይቁ በሚያወጣን መተላለፊያ ላይ አንድ ጎረቤት ፎቅ ጀመረ። በመዋቅራዊ ፕላኑ (የከተማው መሬት ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ዋና ፕላን) ቦታው ለአረንጓዴ ስፍራ የተተወ ነው፣ ካርታውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀበሌ ሄድኩ፤ "እኛ ሪፖርት ብቻ ነው የምናደርገው" አሉኝ። ክፍለ ከተማ ደንብ አስከባሪ ላከና ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደረገበት። በነጋታው ጧት በኖራ ተለቅልቆ አገኘሁት (ቀቢው ጎበዝ ነው መቼም)። ተመልሼ ስጮህ "ፈቃዱ የወጣው ከከተማ ስለሆነ እዚያ ሂጂ"፣ ከተማ ስደርስ ደግሞ "ክትትሉ ወደ ክፍለ ከተማ ወርዷል፣ ከንቲባው በየግንባታው አይገቡም"። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስንከራተት እሁድ እሁድ ሚክሰር እየመጣ አርማታ ይሞላል፤ አሁን ሁለተኛው ወለል ላይ ደርሷል። ይሄ ሁሉ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ባዮስፌር (ተፈጥሮው ተጠብቆ ሰው የሚኖርበት ጥብቅ ስፍራ) ብሎ በመዘገበው ሐይቅ ዳር!

የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000ን አገላብጫለሁ። በሕንፃ አዋጅ 624/2001 ላይም የሕንፃ ሹም የሚባል፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር ኃላፊ አለ። ታዲያ በእኛ ከተማ ይህ ሹም የሚቀመጠው የት ነው? የማስቆሚያ ደብዳቤ የሚፈርመውስ ማነው? ለእኔ ሥልጣኑ ለሰፈር ቢቀርብ ይሻላል፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር መጀመሪያ የሚያየው ቀበሌ ነዋ፤ ግን ማስቆም ካልቻለ ማየቱ ምን ይሠራል?

እንዲህ ገጥሟችሁ ግንባታ ያስቆማችሁ ካላችሁ የትኛው ቢሮ፣ በምን ዓይነት ማመልከቻ እንደሆነ ንገሩኝ። ፎቶም፣ መዝገብ ቤት ማኅተም የመታበት ቅጂም በእጄ አለ። እሁድ ሳይደርስ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።