ለአክስቴ የጤና መድህን ወዴት አቤት ልበል?

ሰላም ወሎዬዎች። አክስቴ ደቡብ ወሎ ገጠር ነው የምትኖረው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተሯን ለማደስ የዓመቱን መዋጮ አጣች። መክፈል ለማይችሉ ደሃ አባወራዎችና እማወራዎች ክልሉና ወረዳው መዋጮውን እንደሚሸፍኑ አውቃለሁ። ቀበሌዋ ግን «ቆርቆሮ ቤት አለሽ» ብሎ ከዝርዝሩ አስቀራት። ቆርቆሮ ይበላል እንዴ?

መድህኑ በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር፤ አሠራሩን የሚያውቅ አይጠፋም ብዬ ነው። ቅሬታው ለማን ይቀርባል? ለወረዳው ጤና መድህን ወይስ ለአስተዳደሩ? የሐኪም ወረቀት ያግዛል? ለዘንድሮ እኔ ብከፍልላት፣ ለከርሞ «ከፋይ ናት» ብለው ጭራሽ እንዳይዘጉባት ፈራሁ። የማደሻው ጊዜ ሊያልፍ ነው። ደሴ ሪፈር ብትባል ደግሞ ያለ ደብተር አትችለውም። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።